ለቆሙትም ላልቆሙትም

የዝግባ ሚካኤል ሰዎች ስለ የኔታ ላቀው ሲያወሩ መጀመሪያ የሚያነሡት ቁጣቸውን ነው። ሊቅነታቸው የሚነሣው ቆይቶ ነው፤ ሐዘናቸው ደግሞ ከሁሉም በኋላ፣ ያውም ድምፅ ዝቅ ተደርጎ። እኛም ከቁጣቸው መጀመር አለብን፤ ሐዘኑን ያመጣው እሱ ነውና።

የኔታ የሽንዲ ሰው ናቸው። በልጅነታቸው ከቤት ወጥተው ቅኔውን ፈረስ ቤት አካባቢ፣ የመጻሕፍቱን ትርጓሜ ግሽ ዓባይ ተምረው፣ ጢማቸው ሲያቀመቅም ወደ ዝግባ ሚካኤል መጡ። ደብሩ ከቡሬ ወደ ወጀት ከሚወስደው መንገድ ትንሽ ገባ ይላል፤ ወጀት ያልነው ዛሬ ፍኖተ ሰላም የሚባለውን ከተማ ነው። እዚያው እታለም የምትባል የገበሬ ልጅ አገቡ፣ ቀሰሱ፣ ጉባኤ ዘርግተው ማስተማር ጀመሩ። እግዚአብሔር የሰጣቸው አንድ ልጅ ብቻ ነበር፤ ክንዱ አሉት።

የአገሩ ገበሬ ጾሙን አጥብቆ ይጾማል፣ ጸበሉን ይጠጣል፣ ለታቦቱ ከሚሰጠው አይሰስትም። ቅዳሴ ላይ ግን የሚደርሰው ዲያቆኑ «እትዉ በሰላም» ብሎ ሊያሰናብት ጉሮሮውን ሲጠርግ ነው። አንዱ በሬ ጠፋብኝ ይላል፤ ሌላው ወንዝ ሞላብኝ ይላል፣ በበጋ። ይህ ነገር የኔታን ያበግናቸው ነበር። ዓመቱን ታግሠው ታግሠው በሆሣዕና ሰሞን ይፈነዳሉ።

በሆሣዕና የሆነው በምክንያት ነው። ከሆሣዕና ማግሥት ጀምሮ እስከ ትንሣኤ ባለው የሕማማት ሳምንት በቤተ ክርስቲያን ፍትሐት የለም። በዚያ ሳምንት የሞተ ሰው ዕጣን ሳይታጠንለት፣ ዜማ ሳይዜምለት ይቀበራል። ስለዚህ በሆሣዕና ዕለት ዘንባባው ተባርኮ ካበቃ በኋላ የሙታኑ ፍትሐት በቁም ባለው ሕዝብ ላይ ይደረሳል። በሳምንቱ ውስጥ ሞት ማንን እንደሚጠራ የሚያውቅ ስለሌለ አስቀድሞ ለሁሉም ይጸለያል። የኔታ ታዲያ በየዓመቱ ከቤተ መቅደሱ ደጃፍ ቆመው፣ በትረ መስቀላቸውን እያወዛወዙ፣ ያንን ንግግራቸውን ይናገራሉ። ዛሬ እዚህ ያልቆመ ሰው በሳምንቱ ቢሞት ያለ ፍትሐት እንደሚቀበር ይወቅ ይላሉ፤ ቤቱ ተኝቶ የቀረ ጎረቤት ያለው ሄዶ ይንገረው ይላሉ።

እውነቱ እንደዚያ አልነበረም። ጸሎቱ የሚደረሰው በሳምንቱ ውስጥ ለሚያርፍ ክርስቲያን ሁሉ ነው፤ በአልጋ ለተኛው፣ ለመንገደኛው፣ ለእስረኛው፣ ለቆሙትም ላልቆሙትም። የኔታ ይህን አሳምረው ያውቃሉ። ግን ነገሩ ሠራላቸው። በሆሣዕና የዝግባ ሚካኤል ቅጥር ከአፍ እስከ ገደፉ ይሞላል፤ በሬ የጠፋበትም ወንዝ የሞላበትም ጎሕ ሲቀድ ይደርሳል። ከቁጣ ያለፈ ጉዳት ያለው ነገር አልመሰላቸውም።

በዚያው ሰሞን ከዝግባው ሥር ለተማሪዎቻቸው የሚተረጉሙት ቃልም ይኸው የበዓሉ ስም ነበር። እታለም ከበር ላይ ተቀምጣ ጥጥ እየፈተለች ትሰማለች። ቃሉ የዕብራውያን ነው ይሏቸዋል፤ አባቶች ሳይተረጉሙ እንዳለ ተቀብለውት በሁላችን አፍ ገባ። ሕዝቡ የእልልታ ቃል ይመስለዋል። ሆሣዕና ማለት ግን ልመና ነው፤ አድን ማለት ነው፤ አንድም እባክህ አሁን አድን ማለት ነው። ዳዊት በመዝሙሩ እንደዚያ ብሎ ለምኖበታል። ልመናው እንዴት ምስጋና ሆነ ቢሉ፣ ማዳን በሚችለው ፊት ቆሞ አድነኝ የሚል ሰው ችሎታውን መመስከሩ ስለሆነ ነው። ኢየሱስ የሚለው ስምም ከዚያው ከማዳን ግንድ የበቀለ ነውና፣ በኢየሩሳሌም መንገድ ዘንባባ ይዘው የጮኹት ሕፃናት ሳያውቁት በስሙ ይጠሩት ነበር።

ከዚያ «አሁን» ወደሚለው ይሻገራሉ፤ የሚወዱት ይህን ክፍል ነው። ኢየሩሳሌም በሮም ጭፍራ እጅ ነበረች። ሕዝቡ አሁን አድን ሲል ከሮም አድነን ማለቱ ነው፤ ወደ ገዥው ግቢ ይሄድልናል ብሎ ጠበቀ። እሱ ግን ወደ መስቀል ሄደ። እነሱ ለዚያች ዕለት ለመኑት፣ እሱ ለዘለዓለም ሰጣቸው፤ የሁለቱ «አሁን» አልገጠመም። በዚህ መካከል ነው ሰው የሚያለቅሰው ይሉና፣ በፈገግታ ወደሚቀጥለው ቃል ያልፋሉ። ያን ጊዜ ፈገግታ አላጡም ነበር።

ከዚያ ሮም ከመጽሐፍ ወጥታ ራሷ መጣች። በሃያ ስምንት ዓመተ ምሕረት ጣሊያን ጎጃም ገባ፤ ቡሬ ላይ ምሽግ ሠራ፣ ወጀት ላይ ሰፈረ። በሠላሳ ዓመተ ምሕረት ገበሬው ጠመንጃህን አስረክብ ሲባል አገሩ ሸፈተ። ክንዱም የአያቱን ጠመንጃ ይዞ ከአርበኞቹ ጋር ጫካ ገባ። ሲወጣ እናቱ እግሩ ላይ ወድቃ ነበር፤ አባቱ ግን ባረኩት። ከዚያ በኋላ ወሬው እንጂ እሱ ወደ ቤት አልመጣም።

የሚቀጥለው ዓመት ዐቢይ ጾም የከፋ ነበር። ከወደ ደጋ ዳሞት የሚመጣ ሰው ሁሉ ስለ ውጊያ ያወራል፤ እገሌ ወደቀ፣ እገሌን የሚያነሣው ጠፍቶ አውሬ በላው ይላል። እታለም የልጇን መሞት በልቧ አስልታ ጨርሳ ነበር፤ የእናት ነገር አስቀድማ ታለቅሳለች። ያላስቻላት ያለ ፍትሐት የመሄዱ ነገር ነው። በሕማማት ቢወድቅስ? ከቤተ መቅደሱ ደጃፍ በየዓመቱ የሰማችው ቃል ከጆሮዋ አልወጣ አላት። ስለዚህ የኔታን ሳታማክር፣ በርበሬ ነጋዴ መስሎ ለጫካው ስንቅ የሚያደርሰውን ባዬን ጠርታ ላከችው። ለሆሣዕና ብቻ ወርደህ ቁምና ተመለስ በልልኝ አለችው።

የሆሣዕና ዋዜማ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ባዬ መልስ ይዞ መጣ። ክንዱ እሽ ብሏል፤ ባዬም እህል ቀምሶ ተመልሶ ከወንዙ መሻገሪያ ይጠብቀዋል። የኔታ ከቤቱ ጥግ ተቀምጠው ዘንባባ ይሰነጥቁ ነበር። እታለም መጥታ አጠገባቸው ቁጭ አለች።

«ልጀ ነገ ይመጣል» አለቻቸው። «ቆሞ ይሰማል። ከዚያ በኋላ የመጣው ይምጣ።»

የኔታ ቢላዋውን አስቀመጡ። ባይመጣም ይደርሰዋል የሚለው ቃል ምላሳቸው ላይ መጣ። ባዬ ገና ከግቢው ዋንጫውን ይዞ ተቀምጧል፤ አይምጣ በለው ቢሉት የሚያዳግት ነገር አልነበረም። ባንዳዎች መንገዱን እንደሚጠብቁም ያውቃሉ። ነገር ግን ካለፈው ክረምት ወዲህ የልጃቸውን ፊት አላዩም። ቃሉን ዋጡት።

«ቀስ ብሎ ይምጣ» ብቻ አሉ።

በማግሥቱ ክንዱ ከሕዝቡ መካከል ጋቢ ተከናንቦ ገባ። ጠጉሩ እንደ አርበኞቹ አድጎ ትከሻው ላይ ወርዷል፤ ከስቷል። የኔታ ከደጃፉ አዩት፤ በዚያ ዓመት የቁጣው ንግግር አጭር ነበር። ፍትሐቱን ሲያደርሱ ዓይናቸው ከእሱ አልተነሣም። እንግዲህ በገዛ ልጃቸው ላይ፣ በቁሙ፣ እያዩት፣ የሙታንን ጸሎት እያደረሱ ነው። ድምፃቸው ሁለት ጊዜ ተቆረጠ፤ ሕዝቡ ከጾሙ ድካም መሰለው። እታለም ከሴቶቹ በኩል ተሻግራ የዘንባባ ቀለበት ጣቱ ላይ አሰረችለት፤ እሱም ሕፃን ሳለ እንደሚያደርገው እጁን ዘርግቶ ዝም ብሎ ቆመላት።

ከዚያ የቅጥሩ በር ተከበበ።

የባንዳው አለቃ የዚያው ደብር ልጅ ነበር። በእናቱ ጀርባ ሆኖ፣ ኋላም በእግሩ እየመጣ፣ ያልቆመ ሰው ያለ ፍትሐት ይቀበራል ሲባል እየሰማ ያደገ ነው። በሆሣዕና ማን ከጫካ እንደሚወርድ ለማወቅ ጠቋሚ አላስፈለገውም። ክንዱ ካልወጣ ቤተ ክርስቲያኑን ከነሕዝቡ እናቃጥላለን ብሎ በር ላይ ቆሞ ላከ፤ ማድረጉን ደግሞ በሌላ ደብር አሳይቶ ነበር። ሽማግሎቹ ሊያማልዱ ወጡ፣ ተመቱ። ክንዱ ጋቢውን ለእናቱ ሰጣትና መስቀል ሊሳለም ወደ አባቱ መጣ።

የኔታ ሊነግሩት ፈለጉ። ምኑን ይነግሩታል?

«አባ፣ ሰምቸዋለሁ» አላቸው። «ከእንግዲህ ግድ የለም።»

መስቀሉን ተሳልሞ ወጣ። ሄዶ ከዓይን እስኪሰወር ድረስ ሕዝቡ ዘንባባውን እንደያዘ ቆሞ ነበር።

ማክሰኞ ቡሬ ገበያ ላይ ሰቀሉት። ረቡዕ ብዙ ደጅ ከተጠና በኋላ ሬሳውን ሰጡ። የኔታ ራሳቸው ከተሸካሚዎቹ ጋር ሄደው አመጡት፤ የዘንባባው ቀለበት ደርቆ ጣቱ ላይ እንዳለ ነበር። በዝግባ ሚካኤል ቅጥር ያለ ዕጣን፣ ያለ ዜማ፣ አፈር ተመለሰበት። የኔታ ስንት ሰው ሲሸኙ የኖሩ ሰው፣ ለልጃቸው አንዲት ቃል ማሰማት ሳይፈቀድላቸው በመቃብሩ ራስጌ ቆመው ቀሩ። እታለም ግን ሰው እንደፈራላት አልሆነችም። ሊያጽናኗት የመጡትን እሷ አጽናናቻቸው።

«ልጀ ፍትሐቱን በቁሙ ሰምቶ ነው የሞተ» አለቻቸው። «ይኸ ለማን ተሰጥቷል?»

ዓመቱን ሙሉ ይችን ቃል ይዛ ኖረች። እንግዳ ሲመጣ ትናገራለች፤ ስትፈትል ለራሷ ትናገራለች፤ እህል የሚወርድላት፣ እንቅልፍ የሚወስዳት በዚች ቃል ነው። የኔታ በሰሙ ቁጥር አንገታቸውን ይደፋሉ። ሰው ሐዘኑ ጸናባቸው ይላል። ሐዘኑስ ጸንቷል፤ ግን ከሐዘኑ በላይ እሳቸው ብቻ የሚያውቁት ነገር አለ። ልጁ ከጫካው ሳይነቃነቅ ያው ጸሎት ይደርሰው ነበር። የሞተው ቀድሞውኑ ለተሰጠው ነገር ነው። ይህን ለእታለም መንገር የቀራትን አንድ ምርኩዝ መንጠቅ ነው፤ ስለዚህ ዝም አሉ፣ ዝም ለማለትም ወስነው ነበር።

የሠላሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት ጾም ሊያልቅ ሲቃረብ ሀብትነሽ የምትባል ጎረቤታቸው መጣች። ባሏ የሞተባት ናት፤ አንድ ልጇ ከክንዱ ጓዶች ጋር ጫካ ነው። ከእታለም ጋር ተቀምጠው ሲያወሩ የኔታ ከግድግዳው ጀርባ ሆነው ይሰማሉ። ሀብትነሽ ልጄን ለሆሣዕና ላስጠራው ወይስ ልተወው ስትል ጠየቀች። ፈርታለች። እታለም እጇን ይዛ አደፋፈረቻት።

«አስጠሪው እንጅ» አለቻት። «የኔው ባይመጣ ኖሮ ዛሬ በምን እጽናና ነበር? ባዬ ሰኞ ይወጣል፤ ላኪበት።»

የኔታ ሀብትነሽን ለብቻዋ ጠርተው ቢነግሯት ብለው አሰቡ። ግን የሀብትነሽ ብቻ አልነበረም፤ ልጁ ጫካ የገባባት እናት በደብሩ ብዙ ናት፣ ሁሏም ያንን ቁጣ ስትሰማ የኖረች ናት፣ የባንዳውም አለቃ አሁንም እዚያው ቡሬ አለ። የተናገሩት በአደባባይ ነው፤ የሚመልሱትም በአደባባይ ነው። ለእታለም ግን አስቀድመው በቤት ሊነግሯት ይገባ ነበር። ቅዳሜ ሞከሩ። እራት ስታቀርብላቸው አፋቸውን ከፈቱ፤ እሷም ቀና ብላ አየቻቸው፤ ጨው አንሶታል አሉና ተዉት። እንዲህ ያሉ ፈሪ ነበሩ፤ መሸፋፈን አያስፈልግም።

እሑድ የጾሙ ሰባተኛ ሳምንት ነው፤ ሆሣዕና በሚቀጥለው ይውላል። ከቅዳሴው በኋላ ከቤተ መቅደሱ ደጃፍ ቆሙ። በትረ መስቀሉን አላወዛወዙትም፤ ተደግፈውት ነበር። ስለ ሆሣዕና ፍትሐት ስነግራችሁ የኖርኩት ሰነፉን ለማስፈራራት ነው አሉ። ያልቆመ ይቀርበታል ማለቴ ሐሰት ነው። ጸሎቱ ጫካ ይገባል፣ ወህኒ ይገባል፣ ገደል ይወርዳል፤ ክርስቲያን ባለበት ሁሉ ይደርሳል። እናቶች ልጆቻችሁን አታስጠሩ፤ የተጠራም ቢሆን አይምጣ ተብሎ ይላክበት። ይህን ሁሉ ሲናገሩ ወደ ወንዶቹ በኩል ነበር የሚያዩት። ሲጨርሱ ወደ ሴቶቹ ዞሩ። ሀብትነሽ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ታለቅሳለች። እታለም ግን ቀጥ ብላ ቆማ ታያቸው ነበር።

ቤት ሲገቡ ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ አገኟት።

«አምና በዋዜማው፣ ልጀ ይመጣል ብየ ስነግርዎ፣ ያውቁ ኖሯል?»

«አውቅ ነበር።»

«ባዬም እዚችው ተቀምጦ ነበር» አለች። «ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

መጽሐፍ ሲያገላብጡ የኖሩት ሰው ብዙ መልስ ሊሰጧት ይችሉ ነበር።

«ናፍቆኝ ነበር» አሏት።

እታለም ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች። በሚቀጥለው እሑድ ከጫካ የወረደ አንድም ሰው አልነበረም፤ ባንዳዎቹ በሩ ላይ ቆመው ውለው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። የሀብትነሽም ልጅ ተረፈ። እታለም ግን ከዚያ ቀን ወዲያ ስለ ፍትሐቱ ለማንም አላወራችም። የኔታን እግራቸውን ታጥባለች፣ ምግባቸውን ታቀርባለች፣ እንግዳቸውን ትቀበላለች፤ ከሚያስፈልገው ቃል በላይ ግን አትናገራቸውም። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሰው ለየብቻው አረጀ።

በሠላሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት ጣሊያን ቡሬን ለቆ ሄደ። አገሩ ነፃ ወጣ፣ አርበኞቹ ጠጉራቸውን እንዳጎፈሩ ተመለሱ፤ የሀብትነሽ ልጅም መጥቶ የኔታን ጉልበት ሳመ። ወጀትም አዲስ ስም አገኘች። ሕዝቡ ሲለምነው የኖረው «አሁን» መጣለት። ለአንዳንዱ ግን ሁለት ዓመት አልፎት ነበር፤ እልልታው ሲሰማ እታለም ወደ መቃብሩ ሄዳ ተቀመጠች።

የኔታ ማስተማራቸውን አልተዉም። ቁጣቸው ግን ያን እሑድ ወጥቶላቸው ቀረ፤ አርፍዶ የመጣውን ሁሉ ገባ በል ይሉታል። ሌላም የተለወጠ ነገር ነበር። በየዓመቱ በሆሣዕና ሰሞን ከዝግባው ሥር ያንን ቃል ሲተረጉሙ፣ ዕብራይስጥ መሆኑን ይናገራሉ፣ ልመና መሆኑን ይናገራሉ፣ «እባክህ» ይላሉ፤ ቀጥሎ ያለው ላይ ሲደርሱ ይቆማሉ። ከአፋቸው አይወጣም። የቆዩት ተማሪዎች ለአዲሶቹ ቃሉን በኋላ በሹክሹክታ ይነግሯቸዋል። እንደዚያ እየተባለ ዓመታት አለፉ፤ ዓይናቸውም ፈዘዘ።

አንድ ዓመት እንዲሁ ተርጉመው ተርጉመው እዚያው ላይ ደርሰው ቆሙ። ተማሪዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ጠበቁ። እታለም እንደ ዱሮዋ ከበር ላይ ተቀምጣ ትፈትል ነበር፤ እንዝርቷን አስቀመጠች።

«አሁን አድን ነው የሚለው» አለች። «ይበሉት እንጅ የኔታ። ይማሩበት።»

የኔታ ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዞሩ። «አሁን አድን» አሉ። ጉባኤው ሲበተን እታለም መጥታ ክንዳቸውን ይዛ አነሣቻቸውና ወደ ቤት ወሰደቻቸው። ደጃፉን ሲሻገሩ ቆም አለች።

«እኔም እኮ ነኝ» አለቻቸው። «ፍትሐቱን ሰበብ አደረግሁት እንጅ፣ ያስጠራሁት ናፍቆኝ ነው።»

የኔታ እጃቸውን እጇ ላይ ጫኑ፤ ገብተውም አንድ መደብ ላይ ተቀመጡ።